«አፈረሰ፣ ግን ገነባ» ለሚሉን፦ ስለ ቲሙር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቲሙር የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ብዙዎቻችን ታሜርላን በሚለው ስም የምናውቀው፣ በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን እያነከሰ ግማሽ እስያን የረገጠው፣ የዛሬዋ ኡዝቤኪስታን ከተማ የሳማርካንድ ጌታ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ብዕር አለው። አልዋሽም፣ እስከ መጨረሻው ይዞኝ ሄዷል። ስጨርሰው ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቲሙር ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ከተማ ያቃጥላል፣ ሌላው ከተማ ይሠራል። ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን አጋንነው ሁለተኛውን ደበቁት። የራስ ቅል ግንብ የሚባለው የጠላት ወሬ ነው። ሰውየው የእስልምና ሰይፍ፣ የሊቃውንት ወዳጅ፣ የሐር መንገድን ያነቃ፣ ፍትሕ አዋቂ ገዢ ነበር። የልጅ ልጆቹም የሳይንስና የጥበብ ዘመን አመጡ። እናም ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የገነባው ያፈረሰውን ይበልጣል ይሉናል።

እኔ ደግሞ ሁለት ቲሙር የለም ባይ ነኝ። ያቃጠለውና የገነባው አንድ ሰው ነው። ያውም በአንድ ሥራ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከራስ ቅሎቹ ልጀምር። ጸሐፊው «የጠላት ወሬ» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። እስቲ ማን እንዳወራው እንይ። በ1387 የፋርሷ ኢስፋሃን በሯን ከፍታ ገበረች። ገንዘብ ተጣለባት። ሰብሳቢዎቹ ከተማ ውስጥ ገብተው ሳለ አንድ ሌሊት ሕዝቡ ተነሣና ፈጃቸው። ቲሙር በምላሹ ለእያንዳንዱ የጦር ክፍል የራስ ኮታ ሰጠ። እዚህ ቁጥር የሚል ራስ ታመጣለህ፣ በቃ። ከወታደሮቹ መካከል በእጁ መግደል ያልፈለገ ነበር። እንዲህ ያለው ከጓደኛው ራስ ይገዛ ጀመር። መጀመሪያ የአንዱ ራስ ዋጋ ሃያ ዲናር ነበር። ወደ ማታ ወደ ግማሽ ዲናር ወረደ። ከዚያ ጭራሽ ገዢ ጠፋ።

ይህንን የጻፈው ሸረፍ አድዲን አሊ ያዝዲ ነው። ያዝዲ ጠላት ነው? ኧረ በጭራሽ! መጽሐፉን ያጻፈው የቲሙር የገዛ ልጅ ልጅ፣ የሺራዙ ኢብራሂም ሱልጣን ነው። ከዳር እስከ ዳር ውዳሴ ነው። የሟቾቹን ቁጥር ሰባ ሺህ ብሎ ያስቀመጠውም እሱው ነው። ሃፊዝ አብሩ ደግሞ የቲሙር ልጅ የሻህ ሩኽ የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ነበር። እሱ ደግሞ የሀያ ስምንት ግንቦችን ነገር ያነሣል፤ እያንዳንዳቸው 1,500 ገደማ ራስ የተደረደረባቸው። ሲባዛ 42,000 ይመጣል። ያውም የከተማዋ ግማሽ ዙሪያ ብቻ ተቆጥሮ ነው።

ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው ብዬ አልምልም። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ሺህ ለመጨመር ችግር የለበትም። ግን ማን እንደጨመረ ልብ በሉ። የጨመሩት ወዳጆቹ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ በዚህ ነገር አላፈረም፤ እንዲነገርለት ነበር የሚፈልገው። ግንቡ የቆመው የሚቀጥለው ከተማ ሰምቶ በሩን ቶሎ እንዲከፍት ነው። ዛሬ እኛ «ወሬ ነው» ብንለው ከሁሉ በፊት የሚቆጣው ቲሙር ራሱ ይመስለኛል።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። «ቲሙር አሥራ ሰባት ሚሊዮን ሰው ገደለ፣ የዓለምን ሕዝብ አምስት በመቶ ጨረሰ» የሚለው አባባል ያለ ማስረጃ የሚዞር ነው። በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ማን ቆጠረ? መቼ? በምን? ጸሐፊው ይህን ቁጥር መጣላቸው ልክ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ዝላይ ነው። «ቁጥሩ ሐሰት ነው፣ ስለዚህ ጭፍጨፋው ተጋንኗል» ይላሉ። እንዴት? ድምሩ አለመታወቁ እያንዳንዱን ከተማ አይሰርዝም። ኢስፋሃን አለች። በ1398 ከዴልሂ ውጊያ በፊት ምርኮኞቹ ከኋላ እንዳያምጹ ተብሎ በትእዛዝ የተገደሉት አሉ፤ የራሱ ዜና መዋዕል መቶ ሺህ ይላቸዋል። ባግዳድ በ1401 አለች። ድምሩን ተዉት፣ ዝርዝሩ ይበቃል።

ወደ «የእስልምና ሰይፍ» እንለፍ። ይሄኛው ትንሽ አሳቀኝ። በሰይፉ የቀመሱትን ዘርዝሩ፦ ኢስፋሃን፣ ሺራዝ፣ ባግዳድ፣ ሐለብ፣ ደማስቆ። ዴልሂ ላይ የነበረው ሱልጣን ማህሙድ ቱግሉቅ ሙስሊም ነው። የወርቃማው ሆርድ፣ ማለትም የሰሜኑ የሞንጎል መንግሥት ጌታ ቶክታሚሽ ሙስሊም ነው። ያውም ቲሙር ራሱ አሳድጎ ዙፋን ላይ ያወጣው ሰው። ደማስቆ ላይ የኡመያ ታላቁ መስጊድ ነደደ።

ከሁሉ ግን የአንካራው ይበልጣል። የኦቶማኑ ሱልጣን ባየዚድ በ1396 ኒኮፖሊስ ላይ የአውሮፓን የመስቀል ጦር ደምስሷል። ከዚያ ቁስጥንጥንያን ዓመታት ከቦ ጉሮሮዋን ይዟት ነበር። ከተማዋ ልትወድቅ አንድ ሐሙስ ሲቀራት ቲሙር ከምሥራቅ መጣ። በሐምሌ 1402 አንካራ ላይ የባየዚድን ጦር ሰበረ። ሱልጣኑን ማረከው፤ በዓመቱ እዚያው በምርኮ ሞተ። ቁስጥንጥንያ ሌላ ሃምሳ ዓመት ኖረች። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገሥታት ከቲሙር ጋር ደብዳቤ ተለዋወጡ። የክርስቲያኑን ዋና ከተማ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያቆየ «የእስልምና ሰይፍ» እንግዲህ ይሄ ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰምርኔስን ከመስቀል ጦረኞች ላይ ነጥቋል። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህችን አንዷን ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ በዚሁ በ1402 የኛው አፄ ዳዊት ልዑካን ቬኒስ ደርሰው ነበር። ዘመኑን ለማሰብ እንዲመቸን ያህል ነው ያነሣሁት።)

ይህን ስል ግን ለክርስቲያኖች ራራ ማለቴ አይደለም። ጆርጂያን ደጋግሞ ወርሯል። በ1386 ትብሊሲን ይዞ ንጉሡን ባግራትን ማርኳል። እኛ ንስጥሮሳዊት የምንላት፣ በአንድ ወቅት እስከ ቻይና የደረሰችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞም ተዳክማ ነበር። ከእሱ ዘመን በኋላ ግን የቀሯት ምእመናን በብዛት በሰሜን መስጴጦምያ ተራሮች የተጠለሉት ናቸው። ሰውየው ሃይማኖት አልመረጠም። የገበረ ይኖራል፣ ያመጸ ይጠፋል። ጋዚ (ለእስልምና የሚዋጋ ጀግና) የሚለውን ማዕረግ የሚያወጣው ሲያስፈልገው ነው፤ የሞንጎሉን የጄንጊስ ካንን ስም የሚያወጣውም እንደዚሁ። ከጄንጊስ ዘር ስላልነበረ ራሱን ካን አላለም። ከዘሩ አሻንጉሊት ካን ዙፋን ላይ አስቀመጠ፣ ከዘሩ ልጅ አገባ፣ «አማች» የሚለውን ማዕረግ በኩራት ተጠራበት። ብልጥ ነበር። ይህን ማንም አይክደውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። «የሊቃውንትና የጥበበኞች ወዳጅ።»

ጸሐፊው የታላቁን የዓረብ ታሪክ ሊቅ የኢብን ኸልዱንን ታሪክ አምጥተዋል። ያምራል ታሪኩ። ጥር 1401 ነው። ቲሙር ደማስቆን ከቧል። የግብጹ ሱልጣን ፋራጅ ካይሮ ላይ ሴራ ተሸርቦብኛል ብሎ ጦሩን ይዞ ወደ ኋላ ሮጧል። ሽማግሌው ሊቅ ከተማ ውስጥ ቀርቷል። በሩ አልከፈት ሲለው በገመድ ታስሮ ከግንቡ ወረደና ወደ ቲሙር ድንኳን ሄደ። አንድ ወር ያህል ተመላለሰ። ቁርኣን፣ የስግደት ምንጣፍና የግብጽ ጣፋጭ ይዞለት ሄደ። ቲሙር በቅሎውን ገዛው እንኳ ተብሏል። ኢብን ኸልዱን ራሱ ሰውየው አእምሮው ስለት እንደሆነ፣ በሚያውቀውም በማያውቀውም ነገር መከራከር እንደሚወድ ጽፏል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ትንሽ ልቀጥል። ቲሙር ሊቁን የጠየቀው ስለ ምንድን ነው? ስለ ማግሪብ፣ ስለ ሰሜን አፍሪካ። በአፍ ሲነግረው አልጠገበም። ቅርቡንም ሩቁንም፣ ተራራውንም ወንዙንም፣ መንደሩንም በዓይኔ ያየሁት እስኪመስለኝ ድረስ ጻፍልኝ አለው። ሊቁም ተቀምጦ ጻፈ። ወዳጄ፣ ይሄ የእውቀት ፍቅር ብቻ ይመስላችኋል? የጦር አዛዥ እኮ ነው የሚጠይቀው። እነሱ እንዲህ እየተጨዋወቱ ሳለ ደማስቆ ትበረበር ነበር። ሊቁ ወደ ካይሮ በሰላም ተመለሰ። ከተማዋ ተቃጠለች። ሸማኔዎቿ፣ ብርጭቆ ሠሪዎቿ፣ ቀስት ሠሪዎቿ፣ አንጥረኞቿ ታፍሰው ወደ ሳማርካንድ ተነዱ።

ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው «አፈረሰ፣ ግን ገነባ» ሲሉ ሁለት ሥራ ያስመስሉታል። ሥራው አንድ ነው። የቲሙር ጦር ከተማ ሲይዝ የእጅ ባለሙያው ከሌላው ሕዝብ ተለይቶ ይወጣል። አይገደልም። ወርቅ እንደሚጫን ይጫናል። በ1379 ኡርጌንች የምትባለውን የመካከለኛው እስያ ከተማ ሲይዝ ግንበኞቿን ወደ ትውልድ ከተማው ሻህሪሳብዝ ላካቸው። በማግሥቱ፣ በ1380፣ እዚያ የአክ ሳራይ ቤተ መንግሥት ሥራ ተጀመረ። ኡርጌንች ደግሞ በ1388 ዳግመኛ ስታምጽ ፈርሳ መሬቷ ላይ ገብስ ተዘራ። አንዱ ከተማ ሌላው ውስጥ ገባ ማለት ነው። በ1398 ዴልሂ ተዘረፈች። በ1399 ሳማርካንድ ላይ የቢቢ ኻኑም መስጊድ ተጀመረ፤ ድንጋዩን ከህንድ የመጡት ዝሆኖች ጎተቱት። ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ግንባታው ለጭፍጨፋው ካሳ አይደለም። ያለ ዘረፋው ግንባታው የለም።

ይህን ከጠላት አልሰማሁም። በ1404 ሳማርካንድ የደረሰው የስፔኗ የካስቲል ንጉሥ መልእክተኛ ክላቪሆ በእንግድነት የተከበረ፣ ድግሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ስለ አትክልት ቦታዎቹ፣ ስለ ሐር ድንኳኖቹ፣ ስለ ወይን ጠጁ ሲያወራ አፉ አይዘጋም። አዎ፣ ወይን ጠጅ። ያው ክላቪሆ ግን ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ መቶ ሃምሳ ሺህ እንደሚባል፣ ከተማው አልበቃ ብሎ ሰዎች ከዛፍ ሥርና ከዋሻ ውስጥ እንደሚኖሩ ጽፏል። አሙ ዳርያ ወንዝ ላይ ስላየውም ነገር ያወራል። ወደ ሳማርካንድ የሚሻገር ማንም አይጠይቀውም። ወደ ውጭ የሚሻገር ግን የይለፍ ወረቀት ያሳያል። ምክንያቱም ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው እንዳያመልጡ ነው። የጥበበኞች ወዳጅ ከተማ በራፏ የሚዘጋው ወደ ውጭ ለሚወጣው ነበር።

ኢብን አረብሻህ የሚባል የደማስቆ ልጅ አለ። ሲታፈስ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማው ነበር። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሳማርካንድ ተወሰደ። እዚያ ቋንቋ ተማረ፣ ሊቅ ሆነ፣ በኋላ የቲሙርን ታሪክ በጥላቻ ብዕር ጻፈ። ጸሐፊው «ቂመኛ» ብለውታል። ቂም ቢይዝስ? በሳማርካንድ ዙሪያ ቲሙር ደማስቆ፣ ባግዳድ፣ ሺራዝ የሚባሉ መንደሮችን እንደመሠረተ የነገረን እሱ ነው። የዓለም ታላላቅ ከተሞች ከዋና ከተማው አጠገብ መንደር ናቸው ለማለት ነው። ለነገሩ ይኸው ቂመኛ ልጅ መጽሐፉን ሲጨርስ የቲሙርን ጽናት፣ ብልሃትና የቼዝ ችሎታ ሳይደብቅ አስፍሯል። ጠላት ይህን ያህል ከተናገረ ጥሩ ምስክር ነው።

የሐር መንገዱንም ነገር እዚሁ ልጨርሰው። እውነት ነው፣ ንግዱ በሳማርካንድ ደርቷል። ግን ሰሜናዊውን መንገድ ማን ዘጋው? በ1395 ቲሙር ቶክታሚሽን ቴሬክ ወንዝ ላይ ካሸነፈ በኋላ ሳራይን፣ አስትራካንን፣ አዞቭን አጠፋ። እነዚህ የሰሜኑ ንግድ ጣቢያዎች ነበሩ። የጎረቤትን ሱቅ አቃጥሎ ገበያ ደራልኝ ማለት ነው።

ጸሐፊው ስለ ፍትሑ ሲያወሩ «ቲሙር በገዛ ብዕሩ እንደተናገረው» እያሉ ሦስት ቦታ ይጠቅሳሉ። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ተናደድኩ። የቲሙር ግለ ታሪክ ተብሎ የሚዞረው ጽሑፍ ብቅ ያለው በ1630ዎቹ ነው፣ ህንድ ውስጥ፣ በሙጋሉ ንጉሥ በሻህ ጃሃን ቤተ መንግሥት። አቡ ጣሊብ ሁሴይኒ የሚባል ሰው በየመን ገዢ ቤተ መጻሕፍት የቱርክኛውን ቅጂ አገኘሁና ወደ ፋርስኛ ተረጎምኩት ብሎ አቀረበው። ቱርክኛውን ዋና ቅጂ ያየ የለም። ቲሙር ከሞተ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፏል። አብዛኞቹ የዘመናችን ምሁራን የፈጠራ ሥራ ነው ይሉታል። ሰውየው ደግሞ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር ነው የሚባለው፤ ታሪክ የሚያነቡለት ሰዎች ነበሩት። እና የትኛው ብዕር? ሻህ ጃሃን የቲሙር ዘር ነው። ለንጉሥ ስለ አያቱ ደግነት የተጻፈ መጽሐፍ ማምጣት አትራፊ ሥራ እንደነበር መገመት አያቅትም።

መቃብሩን የከፈተ ጦርነት ያመጣል የሚባለው እርግማንስ? ሰኔ 1941 ጌራሲሞቭ የሚባለው የሶቪየት ሊቅ መቃብሩን ከፈተ፣ በቀናት ውስጥ ሒትለር ሶቪየትን ወረረ። ጸሐፊው «ምስጢር» ብለውታል። የወረራው ትእዛዝ ታኅሣሥ 1940 ላይ ተፈርሟል። በቃ፣ አለቀ። ይልቅ ከዚያ ቁፋሮ የተገኘው ቁም ነገር ሰውየው እውነትም ቀኝ እግሩ አንካሳ እንደነበር ነው።

የልጅ ልጆቹ ጉዳይ ይቀራል። ኡሉግ ቤግ ሳማርካንድ ላይ የኮከብ መመልከቻ ሠራ፣ ከሺህ በላይ ከዋክብትን መዘገበ። ትልቅ ሰው ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ቲሙር ሲሞት ኡሉግ ቤግ አሥራ አንድ ዓመት አልሞላውም። አያትየው የካቲት 1405 ወደ ቻይና ዘመቻ እየሄደ ሳለ ኦትራር በምትባል ከተማ ሞተ። በብርድ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው። ከዚያ ወራሾቹ ተፋጁ። እሱ የመረጠው አልጋ ወራሽ ፒር ሙሐመድ በሁለት ዓመት ውስጥ ተገደለ። አገሩን ያረጋጋው ሻህ ሩኽ ዘመቻውን ቀንሶ ዋና ከተማውን ወደ ሄራት አዛወረ። ሥዕሉ፣ ግጥሙ፣ የከዋክብቱ ሳይንስ የመጣው እነሱ የአያታቸውን አካሄድ ስለተዉ ነው። ኡሉግ ቤግ ራሱ በ1449 በልጁ ትእዛዝ ተገደለ። ይሄኛው የአያት ውርስ ነው ቢሉኝ አልከራከርም ነበር።

ጸሐፊው የዛሬዋን ኡዝቤኪስታንም ምስክር አድርገው ጠርተዋል። ታሽከንት መሐል የካርል ማርክስ ሐውልት በነበረበት አደባባይ ከ1993 ጀምሮ ቲሙር በፈረስ ላይ ቆሟል። በ1996 ሙዚየም ተከፈተለት። አዲስ አገር አባት ትፈልጋለች፣ ይገባኛል። ግን የቲሙርን ዘሮች ከሳማርካንድና ከሄራት ያባረረው ማን ሆነና? ሙሐመድ ሸይባኒ የሚመራቸው ኡዝቤኮች ናቸው፣ በ1500 እና በ1507። ባቡር የሚባለው የቲሙር ዘር ከእነሱ ሸሽቶ ነው በኋላ ህንድ ላይ የሙጋልን መንግሥት የመሠረተው። ሐውልቱ ስለ 1990ዎቹ ፖለቲካ ብዙ ይናገራል፤ ስለ 1390ዎቹ ግን ምስክር አይሆንም።

ጸሐፊው ሲጨርሱ «ሂዱና ጉር ኤሚርን እዩት፣ ያኔ ትፈርዳላችሁ» ይላሉ። ቲሙር የተቀበረበት፣ ሰማያዊ ጉልላት ያለው ሕንፃ ነው። እኔም ሂዱ እላለሁ። ስትገቡ ግን መግቢያው በር ላይ ቁሙ። ሠሪው ስሙን በጡቡ ላይ ጽፎታል፦ ሙሐመድ የማህሙድ ልጅ፣ ግንበኛው፣ የኢስፋሃኑ።